ሴኮያ ኩታበር ላይ? ይበቅላል፣ በጋውን ካሻገርከው

ጥያቄው ባጭሩ ይኸውና። አንድ የወሎ ኩታበር ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «አዲስ አበባ ችግኝ ከሚሸጥ ሰው 6 የሬድውድ ችግኝ ገዛሁ። ቁመታቸው ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው፣ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ናቸው። መሬታችን ስልኬ እንደሚለው 2,600 ሜትር ላይ ነው፣ ከጓሯችን በላይ አንዲት ትንሽ ምንጭ አለች። አባቴ ግን አሻፈረኝ ብሏል። ‹ባሕር ዛፍ አንሶን ነው ሌላ ውኃ ጠጪ የምታመጣብን?› ይላል። እውነት እኛ አገር ይበቅላል? ምንጫችንን ያደርቃል? ለእንጨትስ ይሸጣል?»

አብሽር ወንድሜ፣ ይበቅላል። አባትህም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የምንጯን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የገዛኸውን እንወቀው። ሬድውድ ሲባል አንድ ዛፍ አይደለም፣ ሦስት ናቸው። ችግኝ ሻጩ ሦስቱንም በአንድ ስም ቢሸጥ አይገርመኝም። አንደኛው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴራ ኔቫዳ በሚባል የተራራ ሰንሰለት ላይ የሚበቅለው ግዙፉ ሴኮያ ነው፤ በግንዱ ይዘት በዓለም ላይ የሚወዳደረው የለም። ሁለተኛውም የካሊፎርኒያ ነው፣ ግን ከውቅያኖሱ ጠርዝ፣ ጉም ከማይጠፋበት ቦታ። በቁመት አንደኛ እሱ ነው፣ ከ115 ሜትር በላይ የሚረዝም አለ። ሦስተኛው የቻይናው ነው። እሱ መጀመሪያ በቅሪተ አካል ታወቀ፣ ከዚያ በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ውስጥ ቻይና ላይ ቆሞ ተገኘ። ቅጠሉን በየዓመቱ ያረግፋል።

ለመለየት ቅጠሉን በጣትህ ዳስሰው። የውቅያኖሱ ቅጠል እንደ ዝግባ ጠፍጣፋ ነው፣ በቅርንጫፉ ግራና ቀኝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሮ ይወጣል፣ ስትገለብጠው ነጣ ያሉ ሁለት መስመሮች አሉት። የቻይናውም ጠፍጣፋ ነው፣ ግን በጣም ለስላሳ ነው፣ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ግዙፉ ሴኮያ ግን የእኛን ጽድ ነው የሚመስለው። ቅጠሉ አጭር ነው፣ እንደ ወስፌ ጫፍ ሹል ነው፣ ቅርንጫፉን ዙሪያውን ይከበዋል። ከጫፍ ወደ ግንዱ ብትዳብሰው ይወጋሃል። ጨፍልቀህ ስታሸተው እንስላል እንስላል ይላል።

ከላክኸው ፎቶ ላይ ያየሁት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴና ዙሪያውን የወስፌ ጫፍ የሞላበት ነው። ግዙፉ ነው። ከዚህ በኋላ ሴኮያ ስል እሱን ነው።

ጽድን ያነሳሁት ለምሳሌ ብቻ አይደለም። ሴኮያና የሐበሻ ጽድ በሳይንሱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይቺ ዝምድና በኋላ አፈር ላይ ትጠቅመናለች።

አሁን አገሩን እንይ። ሴኮያ በተፈጥሮ ያለው በሴራ ኔቫዳ ምዕራባዊ ጎን ብቻ ነው፣ ተበታትነው በቀሩ ጥቂት ጫካዎች ውስጥ። አብዛኞቹ ከ1,400 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ጀነራል ሸርማን የሚሉት ትልቁ ዛፍ 83.8 ሜትር ይረዝማል፣ ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ እንደሆነ ይገመታል። ላሊበላ ላይ ድንጋዩ ሲፈለፈል እሱ ሽማግሌ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ሰው «ሴኮያ የብርድ አገር ዛፍ ነው፣ ኩታበርም ብርድ ነው፣ በቃ ይስማማዋል» ይላል። ከፍታውን ብቻ አይቶ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። ብርዱ አይደለም ጥያቄው፣ ውኃው የሚመጣበት ጊዜና የሚመጣበት መልክ ነው። ሴራ ኔቫዳ ላይ በጋው ደረቅ ነው፣ ለወራት ጠብ የሚል ነገር የለም። ውኃቸው የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው፣ አብዛኛው በበረዶ መልክ። በረዶው ከሰው ቁመት በላይ ተቆልሎ ይከርማል። ሙቀቱ ሲመለስ ቀስ እያለ ይቀልጥና መሬቱን ወደ ታች ያርሰዋል። ዛፉ ደረቁን ጊዜ የሚያልፈው ያንን እየጠጣ ነው። ሙሉ ጎተራ ይዞ ነው በጋ የሚገባው።

እኛ ጋስ? ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ይቀደዳል። ደሴ ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል፣ በቁጥር ሲታይ ሴኮያ አገሩ ላይ ከሚያገኘው ብዙ አይርቅም። ግን የእኛ ዝናብ ተቆልሎ አይጠብቅህም። ዳገቱን ይዞ፣ አፈሩንም አስከትሎ ይወርዳል። አደይ አበባ ረግፋ ጥቅምት ሲገባ ነፋሱ ይነሳል፣ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ከዚያ በልጉ ከመጣ መጣ። በልግን ማመን ምን እንደሚያስከፍል ለወሎ ሰው አይነገረውም።

ስለዚህ የአንተ ሥራ አንድ ነው፤ በረዶውን አንተ መሥራት አለብህ። የክረምቱን ውኃ ችግኙ ሥር አፈር ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ የጎደለውን በጋውን ሙሉ በጀሪካን ትሞላለህ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የሁለት ስንዝር ችግኝ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃዋል። ከጥቅምት እስከ ሰኔ 35 ሳምንት ብለን እንያዝ። ለ6ቱ 210 ጀሪካን መጣ። በልጉ ደህና ከዘነበ የተወሰነውን ይቀንስልሃል። ማነው የሚሸከመው? እውነቱን እናውራ። አንተ ደሴ ውለህ ማታ የምትመለስ ከሆነ የሚሸከሙት እናትህና እህቶችህ ናቸው። እነሱን ሳትጠይቅ ዛፍ አትትከል። ምንጯ ከጓሯችሁ በላይ ስለሆነች በቱቦ ቁልቁል ማምጣት ከቻልክ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግማሹ ችግር ተፈታ።

የእኔ ምክር 6ቱን አትትከል ነው። ሦስት ምርጦቹን አስቀር። የቀሩትን ደሴ ላይ ቧንቧ ላለው ዘመድ ወይም ዘበኛና አጥር ላለው ትምህርት ቤት ስጣቸው። ኮምቦልቻ ላለ ዘመድ ግን እንዳትሰጥ፣ ለምን እንደሆነ ወደ በሽታው ስንደርስ ታየዋለህ። ሦስት ከሆኑ 105 ጀሪካን ነው። ይቻላል። ሁለተኛው ዓመት ላይ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ግን ሁለት ጀሪካን አንድ ላይ ታጠጣዋለህ፣ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች እንዲወርድ። በየቀኑ አንድ አንድ ጣሳ ማፍሰስ ክፉ ልማድ ነው። ላዩ ይረጥባል፣ ሥሩም እዚያው ላይ ላዩን ይቀራል፣ አንድ ሳምንት የረሳኸው ቀን አለቀለት።

ከመትከልህ በፊት ደግሞ ሥሩን እይ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይኼን ስህተት በእጄ ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የፈረንጅ ጽድ ተረክበን አንድ ዳገት ላይ ተከልን። ችግኞቹ ላስቲክ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆይተው ነበር። ላያቸው ግን ለምለም ነው፣ ማን ይጠረጥራል? ጸደቁ። በዓመቱ ቆጠራ ተደርጎ ሁላችንም ደስ አለን፣ ሪፖርቱም አማረ። ሦስተኛው ዓመት ላይ የየካቲት ነፋስ ሲነሳ አንድ በአንድ ይጋደሙ ጀመር። አንዱን ሳብ ሳደርገው ያለ ትግል ወጣ። ሥሩ የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ነው። እንደተጠቀለለ ገመድ ሦስት አራት ዙር ዞሮ ራሱን አንቋል። ከዚያ ክብ አምልጣ የወጣች ሥር አንድ ብቻ ነበረች፣ ከእርሳስ የቀጠነች። ላስቲኩ ከተቀደደ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሥሩ ግን ገና እዚያው ውስጥ ነበር።

ሴኮያ ላይ ይኼ ይብሳል። በልጅነቱ አንድ ዋና ሥር ወደ ታች ይሰዳል፣ ወደ ጎን መዘርጋት የሚጀምረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ትልቅ ሲሆን ደግሞ ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ ያ ሁሉ ግንድ የቆመው ከ4 ሜትር እምብዛም በማይጠልቅ፣ ግን ወደ ጎን ከ30 ሜትር በላይ በሚሄድ ሥር ላይ ነው። መዘርጋት ያልቻለ ሴኮያ መቆም አይችልም።

ስለዚህ ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው፣ ችግኙን አንገቱን ይዘህ አትጎትት። ታች የተጠመዘዘውን ጭራ ቁረጥና ጣለው። በጎን የዞሩትን ሁለት ሦስት ቦታ በምላጩ በጥሳቸው። አትሳሳላቸው፣ አዲስ ያወጣሉ። ታቹ እንደ ቋጠሮ ጠጥሮ እንጨት የሆነውን ችግኝ ከሦስቱ ውስጥ አታስገባው፣ ላዩ የፈለገውን ያህል ቢያምር።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍረህ አሳድረው። 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ሳንቲሜትር፣ የላዩ አፈር ለብቻ የታቹ ለብቻ። ዋልካ ላይ እንዳትተክል። ዋልካ ክረምት ውኃ ይዞ ሥሩን ያፍነዋል፣ በጋ ላይ ደግሞ እየተሰነጠቀ ይበጥሰዋል። ቀላ ያለው፣ ውኃ የሚያሳልፈው አፈር ይሻላል። መትከያው ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰው በኋላ። ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ ይቅርብህ፣ ትልቅ ላስቲክ ውስጥ አዛውረህ ለከርሞ አቆየው። ጥቅምት ከመግባቱ በፊት ሥር ለመስደድ ቢያንስ ስድስት ሰባት ሳምንት ይፈልጋል።

አሁን የጽድ ዝምድና እዚህ ትመጣለች። ብዙ ዛፎች ሥራቸው ላይ ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ ይዘው ነው የሚኖሩት፤ እሱ ውኃና ፎስፈረስ ያቀብላቸዋል፣ እነሱ ስኳር ይሰጡታል። ጽድና ሴኮያ የሚስማማቸው አንድ ዓይነት ወገን ነው። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ የሐበሻ ጽድ ሥር፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርገህ፣ ሁለት እፍኝ አፈር አምጣና ከጉድጓዱ አፈር ጋር ቀላቅለው። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ አስፈቅድ እንጂ በሌሊት እንዳትገባ። የፓቱላ አፈር አይሆንም፣ ፓቱላ ፓይን ነው፣ የፓይን ፈንገስ ደግሞ ሌላ ወገን ነው። ትኩስ ፍግ አትጨምር። የበሰለ ኮምፖስት አንድ ሁለት አካፋ ከበቂ በላይ ነው፣ ሴኮያ አገሩ ላይ የሚበቅለው እሳት በላዩ ያለፈበት ባዶ አፈር ላይ ነውና ለድሎት አልተፈጠረም።

ከዚያ በረዶውን ሥራ። ከችግኙ በታች በኩል በድንጋይና በአፈር ግማሽ ጨረቃ አድርግለት፣ የልማት ሠራተኛው አይብሮ የሚለውን ማለት ነው፣ ክፍት ጎኑ ወደ ዳገቱ ይሁን። ከላይ ደግሞ አጭር ትሬንች ካወጣህ ጎርፉ እዚያ ቆሞ ይሰርጋል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ ገና ርጥብ ሳለ፣ ዙሪያውን ጭድ ጎዝጉዝና በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድርበት። ከግንዱ አንድ ጋት ይራቅ፣ አለዚያ ያበሰብሰዋል። ድንጋይ እናንተ ጋ በነፃ ነው፣ እንደሱ ያለ ጉዝጓዝ የለም። ጥር ላይ አንዱን ድንጋይ ገልብጠህ ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተት። ጣትህ ላይ ጥቁር አፈር ተጣብቆ ከወጣና ከቀዘቀዘህ ውኃ አለው፣ ጀሪካኑን ተወው። አቧራ ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ አጠጣ። ከእኔ የሳምንት ሒሳብ ይልቅ ጣትህን እመን።

በጀሪካን ስታጠጣ ላዩ ላይ አትድፋው። አንገቷ የተሰነጠቀ አሮጌ እንስራ ካለች ከችግኙ አንድ ክንድ ርቀህ ቅበራትና ሙላት፣ አፏን ክደናት። ሸክላው ራሱ ቀስ እያለ ያጠጣልሃል። እንስራ ከጠፋ ታቹ በመርፌ የተበሳ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት ሦስት ቅበር።

ወደ ብርዱ ልምጣ። ያደገ ሴኮያ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ይችላል፣ ግን የሚችለው ተዘጋጅቶ ነው። አገሩ ላይ ቀኑ እያጠረ፣ ብርዱም ቀስ እያለ ሲገባ ዕድገቱን ያቆምና ይጠነክራል። እኛ ጋ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ነው፣ ማንም «ተዘጋጅ» አይለውም። ኅዳር ላይ ገና ለስላሳ ቀንበጥ እያወጣ ሳለ ሌሊቱ ሊያቃጥለው ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት በአራት እንጨት ላይ የማዳበሪያ ከረጢት አልብሰው። በምሥራቅ በኩል ያለውን ጎን ረፋዱ እስኪሞቅ አትግለጠው፣ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚያብሰው ሌሊቱ ሳይሆን የበረደውን ቅጠል ቶሎ የሚመታው የማለዳ ፀሐይ ነው። ዩሪያ የሚባል ነገር ከነሐሴ በኋላ አታስጠጋው።

አንድ ነገር ግን አያስደንግጥህ። በብርዱ ወራት ቅጠሉ የነሐስ መልክ ሊያመጣ ይችላል፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላም አለ። ይኼ ሞት አይደለም፣ የልጅ ሴኮያ ጠባይ ነው። ሞተ ብለህ ከመንቀልህ በፊት ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገው። ከተለጠጠ አለ፣ ቀጭ ካለ የለም። ካልለየልህ ግንዱን በጥፍርህ ፋቅ አድርገው፣ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ተወው።

በሽታው ግን ሌላ ነው። ከአገሩ ውጭ የሚተከል ሴኮያን አጥብቆ የሚያሰቃየው ቦትሪዮስፌሪያ የሚባል ፈንገስ ነው። በተለይ ሙቀት በሚበዛበት ዝቅተኛ ቦታና ውኃ ሲጠማው ይገባል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ዛፉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ እዚህና እዚያ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ተለይቶ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ ከሥሩም ሙጫ ያንጠባጥባል። ኮምቦልቻን የከለከልኩህ ለዚህ ነው፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያ ፀሐይ ለዚህ ዛፍ አይሆንም። መድኃኒቱ መቁረጥ ነው። ከደረቀው በታች ጤነኛው ላይ ቁረጥና አቃጥለው፣ መቀሱን በየመሐሉ በአልኮል ጥረገው። አረቄ አይበቃም፣ አረቄውን ለሌላ ጊዜ አስቀምጥ።

ስለ አጥር አልሰብክህም። ፍየልና በግ ካለ እሾህ አጥር፣ ፍልፈል ካለ ደግሞ ጉድጓዱ ጎን ላይ ወንፊት ሽቦ። ልቅ ግጦሽ ባለበት ቦታ አትሞክረው።

አሁን አባትህ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲመጣ ሁሉም ደስ ብሎት ነው የተቀበለው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይናገራል። ዛሬ ምንጭ የደረቀበት ሽማግሌ አዲስ የፈረንጅ ዛፍ ሲያይ ቢደነግጥ ልክ ነው። ሴኮያም ውኃ ይጠጣል። ትልልቆቹ አገራቸው ላይ በሞቃት ቀን ከ2,000 ሊትር በላይ ይወስዳሉ። ግን እነዚያ ስንት መቶ ዓመት የኖሩ ናቸው። ባሕር ዛፍ ምንጭ የሚያደርቀው በብዛቱ ነው፤ በአንድ ቁራጭ መሬት ላይ በሺህ የሚቆጠር ግንድ ተጠጋግቶ፣ ተቆርጦ እንደገና እያቆጠቆጠ። ሦስት ዛፍ ያን አያደርግም።

ያም ሆኖ ከምንጯ በላይ ወይም ዓይኗ ላይ እንዳትተክል፣ እዚህ ላይ ከአባትህ ጋር ነኝ። ከዓይኗ ቢያንስ 30 ሜትር ወደ ታች ውረድ፣ ትርፍ ውኃዋ የሚያልፍበት ግን የማይተኛበት ቦታ። የምንጯን ዙሪያ ለኮሶና ለአገር በቀል ዛፍ ተወው። እንዲያውም ለእያንዳንዱ ሴኮያ አሥር ኮሶና ጽድ እተክላለሁ ብለህ ቃል ብትገባላቸው ነገሩ ይለሰልስ ይመስለኛል። ይዛመትብናል ብለው እንዳይፈሩ ደግሞ ንገራቸው፤ የሴኮያ ፍሬ ተዘግቶ ብዙ ዓመት ዛፉ ላይ ይቆያል፣ በደንብ የሚከፍተው የእሳት ሙቀት ነው፣ ዘሩም ርጥብ ባዶ አፈር ካላገኘ አይበቅልም። ማቆጥቆጡም እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም፣ ትልቁ ከተቆረጠ አለቀ።

ከዚሁ ጋር ለእንጨት ይሸጣል ወይ ላልከው መልሱ አይሸጥም ነው። ካሊፎርኒያ ላይ በድሮ ጊዜ ግዙፎቹን ሲጥሏቸው መሬት ሲመቱ ይፈነካከቱ ነበር። ከዚያ ሁሉ ግንድ የአጥር እንጨት፣ የጣሪያ ክዳንና የክብሪት እንጨት ነው የተረፋቸው። የወጣቱ ዛፍ እንጨት የተሻለ ነው፣ ግን አንተ ጋ ገዢ የለውም፣ መጋዝ ቤቱም አያውቀውም። ገንዘብ ከፈለግህ በስድስት ሰባት ዓመት አጣና የሚሰጥህን ታውቀዋለህ።

ለምን ይተከላል ታዲያ? አገሩ ላይ እያለቀ ስለሆነ አንዱ ምክንያት ነው። በፈረንጆቹ 2020 እና 2021 በተነሱ ቃጠሎዎች ብቻ ከትልልቆቹ ከ13 እስከ 19 በመቶ የሚሆኑት ሞተዋል ተብሎ ይገመታል። እሳትን ለሺህ ዓመታት የቻለ ዛፍ ነው የሞተው። ሌላው ምክንያት ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ትልቅ ነገር ማየት ይወዳል።

ከአገሩ ውጭ እንደሚያድግ ጥርጥር የለውም። እንግሊዞች ዘሩን የወሰዱት በፈረንጆቹ 1853 ነው። የናፒየር ጦር በ1868 መቅደላን ሲወጣ እንግሊዝ አገር የተዘሩት የመጀመሪያዎቹ ሴኮያዎች የ15 ዓመት ጎረምሶች ነበሩ። ስኮትላንድ ቤንሞር የሚባል የአትክልት ቦታ ውስጥ በ1863 የተተከሉ ሴኮያዎች በመንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረው አሉ፣ አሁን ከ50 ሜትር በላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ለአጭር ስልጠና እዚያ አገር ሄጄ ከአንዱ ሴኮያ ሥር ቆሜ ቅርፊቱን በጡጫ መታሁት። አያምም! እንደ ስፖንጅ ፍራሽ ወደ ውስጥ ገባ አለ። አብሮኝ የነበረው ሰው ሳቀብኝ፣ እሱም ግን መታው።

እነሱ ጋ ግን ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ያካፋል፣ ያንን እንዳትረሳ። አንተ ጋ በደንብ ከተያዘ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ በዓመት አንድ ሁለት ስንዝር ቢጨምር ደስ ይበልህ። ከቤት 20 ሜትር፣ እርስ በርሳቸው 10 ሜትር አራርቃቸው፣ ከመብራት ገመድ ሥር እንዳይሆኑ።

ደግሞ እነዚህ ቢሞቱ «አሜሪካ ያለው ዘመድ በሻንጣ ያምጣልኝ» እንዳትል። ሕያው ተክልና አፈር ያለ ኳራንታይን ፈቃድ አይገባም፣ ከአፈሩ ጋር ምን እንደሚመጣም አይታወቅም። ከዘር ማፍላትም የጀማሪ ሥራ አይደለም። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፣ በኪሎ ወደ 200,000 ይሆናል። ለወር ሁለት ወር ፍሪጅ ውስጥ ርጥበት ይዞ መቆየት አለበት፣ ከዚያም ከተዘራው ጥቂቱ ብቻ ይበቅላል፣ የበቀለውም አንገቱ ላይ ቀጥኖ ይወድቃል። ችግኝ መግዛትህ ጥሩ አድርገሃል።

ሦስቱ የሚተከሉበትን ቦታ አባትህ ይምረጡ፣ የምንጯን መውረጃ ከእኔም ከአንተም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ላስቲኩን የምትሰነጥቅ ቀን የስድስቱንም ሥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የትኞቹን እንደምታስቀር አብረን እናያለን።